ካርታው ተዘቅዝቋል

[ሰቆጣ፣ 1997 ዓ.ም.፣ ከምሳ በኋላ። አዲሱ የከተማዋ የንባብ ክፍል። በእርዳታ የመጡ የመጻሕፍት ካርቶኖች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። መምህር ካሤ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት፣ በሸሚዙ ኪስ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቶ፣ ወንበር ላይ ቆሞ አንድ ትልቅ ካርታ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። አህያ ጫኙ ሰማኸኝ፣ ሃምሳውን ያለፈ ሰው፣ በትሩን ተደግፎ ከደጃፉ ያየዋል።]

ሰማኸኝ: ተዘቅዝቋል።

ካሤ: አልተዘቀዘቀም።

ሰማኸኝ: ተዘቅዝቋል እያልኩህ!

ካሤ: አያ ሰማኸኝ፣ ፊደሉን ይዩት እንጂ። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊደሉ ቀጥ ካለ ካርታውም ቀጥ ብሏል ማለት ነው።

ሰማኸኝ: ፊደሉን እኔ አላውቀውም። የተዘቀዘቀው አገሩ ነው።

ካሤ: አገር እንዴት አድርጎ ይዘቀዘቃል?

ሰማኸኝ: እኔ ምን አውቄ! የሰቀልከው አንተ።

ካሤ: [ከወንበሩ እየወረደ] ካርታ ማንበብ በትምህርት ነው የሚገኝ። እኔ ጂኦግራፊ አጥንቻለሁ። እርስዎ ምን አጥንተዋል?

ሰማኸኝ: እኔማ የአህያ ኋላ ነው ያጠናሁት። ሠላሳ ዓመት።

ካሤ: እንግዲያውስ ይተውልኝ። ለመሆኑ ምን ፈልገው ነው?

ሰማኸኝ: ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አቶ የሻምበል ልከውኝ ነው። የሚጫን ጭነት አለ፣ ከንባብ ክፍሉ አንሣ ብለውኝ።

ካሤ: እነዚህ ባዶ ካርቶኖች ይሆናሉ። ትንሽ ይጠብቁኝ፣ እጄ ላይ ሥራ አለ።

ሰማኸኝ: እጠብቃለሁ። አህያዋም አትቸኩል። [ወደ ካርታው ይጠጋል] ይሄ ነው በል ኦልማርዲያ የሚባለው?

ካሤ: [ደስ ብሎት] ስሙን ከየት ሰሙት?

ሰማኸኝ: ከልጄ ነዋ! የትናየት አባት አይደለሁ? ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ኦልማርዲያ እንዲህ ነው፣ ኦልማርዲያ እንዲያ ነው፣ መምህር ካሤ እንዲህ አለ። ነገ በጠዋቱ አውቶብስ ወደ ኮረም ልትሄድ ልብሷን ጠቅልላለች። ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕር ትላለች። እናቷ ከትናንት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

ካሤ: የትናየት ብልህ ልጅ ናት። ከተመዘገቡት አሥራ አንድ ወጣቶች የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ሰማኸኝ: አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፣ መምህር። በረሃ በልቷት ብትቀርብኝ ምን እሆናለሁ እያልኩ ሳስብ ነው የከረምኩት። አትሂጂ ብላት አንተ አልተማርክም ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ አልተማርኩም። እስኪ የተማረው ያስረዳኝ ብዬ ነው። አገሩ ጥሩ ከሆነ እኔው መርቄ እሸኛታለሁ።

ካሤ: [ወንበር ይሰጠዋል] ይቀመጡ። ይሄ ነው የጨዋ ሰው አነጋገር! [ሽፋን የሌለው ወፍራም መጽሐፍ ያነሣል] ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ አለ፤ ካርታውም ከዚሁ ጋር ነው የመጣው። የአገሩ መልክዓ ምድር፣ ታሪክ፣ የነገሥታት ዘር፣ የሥራ ዘርፍ። መዝገበ ቃላት ይዤ ስድስት ወር ተቀምጬበታለሁ።

ሰማኸኝ: መጀመሪያው ተቀዷል።

ካሤ: ካርቶኑ ውስጥ አይጥ ገብቶበት ነው። መቅድም ናት፣ ምስጋና ምናምን። ቁም ነገር የለባትም።

ሰማኸኝ: እና ይሄ አገር ሰው ይቀበላል?

ካሤ: ይቀበላል? የመጣውን መንገደኛ ሁሉ ነው የሚቀበል! እዚህ ጋ፣ ገጽ አርባ ሁለት፦ «ወደ ምድራችን የሚገባ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰይፍ፣ አንድ ካባና የሦስት ቀን ስንቅ ይሰጠዋል።»

ሰማኸኝ: ተጫዋች?

ካሤ: ባለድርሻ አካላት ማለቱ ነው።

ሰማኸኝ: አሃ። ሰይፉስ?

ካሤ: የሥራ መሣሪያ። እነሱ ሰው ሲገባ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አይፈልጉም፣ ወዲያው ያደራጁታል። አራት የሥራ ዘርፍ አለ፤ ወታደር፣ ካህን፣ ጠንቋይና ሌባ።

ሰማኸኝ: ሌባ?

ካሤ: አዎ።

ሰማኸኝ: በግልጽ? ተመዝግቦ?

ካሤ: ውጭ አገር ነው እኮ አያ ሰማኸኝ፣ ሁሉም ነገር በሥርዓት ነው። ሌባውም ማኅበር አለው፣ ሊቀመንበር አለው፣ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። እንደኛ አገር ዝም ብሎ የሚሰርቅ የለም።

ሰማኸኝ: ይሁን። የትናየት ምን ደረሳት?

ካሤ: [ጉሮሮውን እየጠረገ] እሷ ጠንቋይ ላይ ናት። ደንግጠው አይዩኝ! ጠንቋይ ማለት እንደኛው አይደለም፣ ተመራማሪ ማለት ነው። ከአስማት በፊት ሦስት ዓመት ኮሌጅ ይገባሉ።

ሰማኸኝ: እናቷ ይሄንን አልሰማችም። ሰምታ ቢሆን ጠበል ይዛት በሄደች። አገባቡስ እንዴት ነው? ዝም ብሎ በር ማንኳኳት ነው?

ካሤ: በዕጣ ነው። ልክ እንደ ዲቪ! ሃያ ጎን ያላት ጠጠር አለች፣ በየጎኗ ቁጥር አለባት። ትጣላለች። ከአሥራ አምስት በላይ የወጣለት ያሰበው ይሳካለታል፣ አንድ የወጣለት ግን ጉድ ይፈላበታል።

ሰማኸኝ: [በድንገት ቀና ብሎ] ሃያ ጎን ያላት ጠጠር?

ካሤ: አዎን፣ ከባድ ቴክኖሎጂ ነው። ለእርስዎ ማስረዳት ይቸግራል።

ሰማኸኝ: [ቀስ ብሎ] ይቸግራል እንጂ። [ካርታውን አንገቱን አዘቅዝቆ ያያል] መምህር፣ እዚህ ጥግ ላይ የተሣለው አውሬ ምንድን ነው? ከአፉ እሳት የሚተፋው?

ካሤ: ዘንዶ ይለዋል። በገደል ውስጥ ይኖራል፣ እሳት ይተፋል፣ አጠገቡ የቀረበ ሁሉ ይቃጠላል።

ሰማኸኝ: በስመ አብ! እና ልጄን ወደ ዘንዶ...

ካሤ: አይ አያ ሰማኸኝ! ተምሳሌት ነው እኮ። በገደል ውስጥ ያለ፣ እሳት የሚያመነጭ፣ ምን ሊሆን ይችላል? የኃይል ማመንጫ!

ሰማኸኝ: ጥፍር አለው።

ካሤ: የማመንጫው ምሰሶ ነው።

ሰማኸኝ: ክንፍም አለው።

ካሤ: የመብራት መስመሩ ነው። ማየት እንጂ ማስተዋል የለም እኛ ዘንድ!

ሰማኸኝ: ተወው፣ ልክ ነህ። ሰዎቹስ ምን ዓይነት ናቸው?

ካሤ: [ያነባል] «በመንትያዎቹ ተራሮች ላይ አጫጭርና ጺማም የሆነ ሕዝብ ይኖራል። ዓለት ለዓለት ይዘላል፣ ገደል አይፈራም፣ እልኸኛ ነው፣ ግንባሩ ጠንካራ ነው። ባዕድ ሲያይ ከከፍታ ላይ ቆሞ አፍጥጦ ይመለከታል።»

ሰማኸኝ: ሴቶቹም ጺም አላቸው?

ካሤ: [ገጹን ይፈትሻል] ...እ፣ አላቸው ይላል። እንዴት አወቁ?

ሰማኸኝ: መሰለኝ።

ካሤ: ጠንካራ ሕዝብ ነው። በማዕድን የተሰማሩ ባለሀብቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ከእንደዚህ ዓይነት ሕዝብ ጋር ጎረቤት መሆን ዕድል ነው።

ሰማኸኝ: ዕድል ነው። ወተታቸውም...

ካሤ: ምን አሉ?

ሰማኸኝ: ምንም አላልኩ። ታሪኩን ንገረኝ። ንጉሥ አላቸው?

ካሤ: [ተነሥቶ እየቆመ] አሁን መጡልኝ! ታላቁ ንጉሥ! የአገሪቱ አባት! ንጉሥ ሻንኮ ቀዳማዊ!

[የሰማኸኝ በትር ከእጁ ይወድቃል።]

ካሤ: ምን ሆኑ?

ሰማኸኝ: ምንም። ስሙን... ድገምልኝ እስኪ።

ካሤ: ሻንኮ! «ጥቁር፣ ባለ ግርማ፣ ጆሮው ሰፊ።»

ሰማኸኝ: ጆሮው ሰፊ።

ካሤ: የሕዝብ ብሶት ይሰማል ማለት ነው። ስሙን ልብ ብለዋል? የእኛን ቋንቋ አይመስልም? ጥናት አድርጌበታለሁ፣ ወደፊት አሳትመዋለሁ። ይሄ ንጉሥ ፈረንጅ አይደለም። ከዚሁ ከዋግ ተነሥቶ የሄደ ሰው ነው! በጥንት ዘመን ባሕር ተሻግሮ፣ ፈረንጆቹን አስገብሮ፣ አገር አቅንቶ የኖረ የእኛ ሰው!

ሰማኸኝ: የዋግ መሆኑንስ ልክ ብለሃል።

ካሤ: አየህ... አዩ! ያልተማረም ቢሆን ሲነገረው ይገባዋል። ይስሙኝ። «ንጉሥ ሻንኮ ከቆመበት ቦታ ምድር ብትናወጥ አይነቀነቅም ነበር። በታላቁ ወንዝ ዳር ሦስት ቀን ሙሉ አልሻገርም ብሎ ቆመ። ሠራዊቱ ለመነው። ገፋው። ከፊት ጎተተው። በፍጹም! በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ሲቀመጥ፣ በገዛ ፈቃዱ ብቻውን ተሻገረ።» ይሄ ምን ይባላል?

ሰማኸኝ: እልኸኝነት።

ካሤ: ዲፕሎማሲ! ቀጥሎ አንድ ቀይ መስፍን አለ፣ ተንኮለኛ። «ቀዩ መስፍን ከንጉሡ ኋላ በቀረበ ጊዜ፣ ንጉሡ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው በአንድ ምት ደረቱን መታው። መስፍኑ እስከ ሁለተኛው ሳምንት አልተነሣም።»

ሰማኸኝ: [እንደ መሳቅ ይቃጣዋል] አላልኩትም ከኋላው አትቁም! ...ማለቴ፣ የሚነግረው ሰው አልነበረም?

ካሤ: «የመስፍኑንም የመሬት ልኬት መዝገብ ንጉሡ በላው።» በላው ማለት ሻረው ማለት ነው፣ አዋጅ አጠፋ። «ከነሽፋኑ» ይላል።

ሰማኸኝ: ቅጠሉ ደርቆ ነበር። ምን ይብላ ታዲያ!

ካሤ: የምን ቅጠል?

ሰማኸኝ: የዚያን አገር ድርቅ አስቤ ነው። መጨረሻው እንዴት ሆነ? የንጉሡ።

ካሤ: [ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነባል] «በመጨረሻው ዘመቻ የውኃ ጉድጓዶች ሁሉ ደረቁ። ንጉሥ ሻንኮ የሠራዊቱን ውኃ ሁሉ በጀርባው ተሸክሞ፣ እርሱ ሳይቀምስ፣ አቀበቱን ወጣ። አንድም ሰው በጥም አልሞተም። ጫፉ ላይ በደረሰ ጊዜ ተንበረከከ፤ ዳግመኛ አልተነሣም። ሌሎቹ ወደ ጥላ ሄዱ። አንድ ድሃ ጋሻ ጃግሬ ብቻ ራሱን በጉልበቱ ላይ አድርጎለት እስኪመሽ አለቀሰ።»

[ሰማኸኝ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል።]

ካሤ: እውነትም ታሪክ ሆድ ይበላል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንዲሁ ነው የሆንኩት። እንዲህ ያለ ንጉሥ ዛሬ ከየት ይገኛል? ከዘሩ አንድ እንኳ ባገኝ እግሩ ላይ ወድቄ እጅ እነሣለሁ፣ በሄደበት ሁሉ ከኋላው እከተላለሁ!

ሰማኸኝ: የጋሻ ጃግሬው ስም ተጽፏል?

ካሤ: የለም። ተራ ሰው ነው።

ሰማኸኝ: አዎ። ተራ ሰው ነው። [ወደ ካርታው እያመለከተ] መሐል ላይ አንድ ቤት አያለሁ። ብቻውን የቆመ።

ካሤ: እሱ የጠቢቡ ግንብ ነው። ይሄ እንኳ ያሳዝናል። «በምድሪቱ መሐል የጥበብ ግንብ ቆሟል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ጠቢብ ይሾማል፣ ጠቢቡ አይመጣም። ሌላ ይሾማል፣ እሱም አይመጣም። ልጆች ግን በየማለዳው መጥተው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ፀሐይ ስትበረታ ይበተናሉ፣ በማግሥቱ ተመልሰው ይመጣሉ።»

ሰማኸኝ: ጠቢቡ ለምን አይመጣም?

ካሤ: መንገዱ ራቀኝ ብሎ! ሙቀቱን ፈርቶ! ይሄን የመሰለ ሕዝብ ልጁን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ እየጠበቀው! [መጽሐፉን በመዳፉ ይመታል] በጣም ነው የተናደድኩት። እኔ የዚያ አገር ሹም ብሆን ያንን ሰውዬ አንገቱን አንቄ፣ ልብሱን በአህያ አስጭኜ ነው የምወስደው።

ሰማኸኝ: በአህያ አስጭነህ።

ካሤ: ያለ አንዳች ርኅራኄ!

ሰማኸኝ: [ካሤን አተኩሮ እያየ] አንተ ራስህ ግን ለምን አትሄድም? ልጆቹን ትልካለህ፣ አንተ እዚህ ነህ።

ካሤ: እኔማ በወደድኩ! የሰሃላው ጣጣ ይዞኝ እንጂ። ሰሃላ መድበውኛል እኮ! ከመስከረም ጀምሮ ሂድ ሂድ ይሉኛል። ሰሃላ! መኪና የለ፣ መብራት የለ፣ ድንጋይና ፍየል። የጉልበት ሕመም አለብኝ ብዬ የሐኪም ወረቀት አምጥቼ ነው እስካሁን የሰነበትኩ። እሱም ቀኑ አልቋል አሉኝ።

ሰማኸኝ: ሰሃላን አይተሃት ታውቃለህ?

ካሤ: ምን ለማየት? ሰምቻለሁ፣ ይበቃኛል። እኔን የመሰለ ሰው፣ የኦልማርዲያን የሰባት መቶ ዓመት ታሪክ በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ ሰሃላ!

ሰማኸኝ: እንግዲያው አንድ ነገር ላስቸግርህ። ልጄን ልልካት ነው። ልቤ እንዲያርፍ ግን አንተም እንደምትከተል በጽሑፍ ስጠኝ። መምህሩ ራሱ ፈርሞበታል ብዬ ለእናቷ ባሳያት፣ እህል ትቀምሳለች።

ካሤ: ይሄማ ቀላል ነው! [ወረቀት ይስባል] እንዲያውም ይጠቅመኛል። ውጭ አገር ለማገልገል ቃል ገብቻለሁ ብዬ ለአቶ የሻምበል ባሳይ ከሰሃላ ይለቁኛል።

ሰማኸኝ: እኔው አደርስልሃለሁ። መንገዴ ነው።

ካሤ: እግዜር ይስጥልኝ! ምን ብዬ ልጻፍ?

ሰማኸኝ: አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ምን አውቄ። ብቻ የአገሩን ስም ፈረንጅኛ ስለሆነ እናቷ አይገባትም። ምልክቱን ጻፍላት።

ካሤ: [እየጻፈ] «እኔ መምህር ካሤ፣ ከታላቁ ወንዝ ዳር፣ ከመንትያዎቹ ተራሮች ግርጌ፣ ባዶው የጥበብ ግንብ ወደቆመበት አገር፣ ያለ ማንም አስገዳጅነት፣ በገዛ ፈቃዴ ሄጄ...»

ሰማኸኝ: «ለመኖርና ለማገልገል።»

ካሤ: «...ለመኖርና ለማገልገል ቃል እገባለሁ።»

ሰማኸኝ: ጠቢቡንም እኔ እተካለሁ በልላት። ልጆቹ አሳዘኑኝ።

ካሤ: ምን ዓይነት ሩኅሩኅ ሰው ነዎት! «በቀረው ጠቢብ ፈንታም ደጃፍ ላይ የሚጠብቁትን ልጆች አስተምራለሁ።» ፊርማ። ቀን።

ሰማኸኝ: ማኅተም የለውም?

ካሤ: ይኖረዋል እንጂ! [የንባብ ክፍሉን ማኅተም ሁለት ጊዜ ይመታል] ይኸው።

[ሰማኸኝ ወረቀቱን አጥፎ በመቀነቱ ውስጥ ይደብቃል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ይወጣና ካርታውን ከግድግዳው ይነቅላል።]

ካሤ: ኧረ! ኧረ ይቀዳል! ምን እያደረጉ ነው?

ሰማኸኝ: [ካርታውን ገልብጦ መልሶ ይለጥፋል] አሁን ቀና አለ። ና ወዲህ። ይሄ ታላቁ ወንዝህ ተከዜ ነው።

ካሤ: እ?

ሰማኸኝ: እነዚህ ሁለት ተራሮች ከሰቆጣ ሲወጡ በሁለተኛው ቀን ይታያሉ። በመካከላቸው ነው የምናልፈው። ይሄ ማዶው ደሃና ነው፣ ይሄ ደግሞ ሰሃላ። የፈረምከው እዚህ ጋ ነው።

ካሤ: [እየሳቀ] አያ ሰማኸኝ፣ ተራራ ሁሉ ይመሳሰላል እኮ።

ሰማኸኝ: [ከኪሱ አንዲት ትንሽ ቀይ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይጥላል። ተንከባልላ ትቆማለች] ቁጠራት።

ካሤ: [ያነሣታል፣ ያገላብጣታል] ሃያ... ሃያ ጎን... ከየት አመጧት?

ሰማኸኝ: ከጭነት ኮርቻው ሥር ወድቃ አገኘኋት። የትናየት በልጅነቷ ስትጫወትባት ነው ያደገች። ስማኝ መምህር። በሰማንያ ስድስት ሦስት ፈረንጆች ለውኃ ጥናት ብለው መጡ። ጭነታቸውን የጫንኩ እኔ ነኝ። ቀኑ ሲግል ግራር ሥር ይቀመጡና አንዱ ካህን ነኝ ይላል፣ አንዱ ሌባ ነኝ ይላል፣ ያቺን ጠጠር ይጥላሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ። አስተርጓሚውን ምን ሆነው ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ጨዋታ ነው አለኝ። የሌለ አገር ፈጥረው በአፋቸው ይኖሩበታል አለኝ። ትልልቅ ሰዎች! አንድ ቀን ቀዩ ፈረንጅ ይሄ አገር ከላይ ሲታይ ምን ይመስላል ብሎ አስጠየቀኝ። በበትሬ አፈር ላይ ሣልኩለት። እሱ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነው ደብተሩ ላይ የገለበጠው። ለዚያ ነው የተዘቀዘቀው።

ካሤ: ካርታውን... እርስዎ?

ሰማኸኝ: እኔ ምን አውቄ፣ አልተማርኩም። መንገዱን ግን አውቀዋለሁ።

ካሤ: ዘንዶውስ? የኃይል ማመንጫው?

ሰማኸኝ: የተከዜ ሸለቆ ሙቀት ነው። ሰባት ሰዓት ላይ እሳት ይተፋል።

ካሤ: ጺማሞቹ ባለሀብቶችስ?

ሰማኸኝ: ፍየሎች ናቸው።

ካሤ: [ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ እየተቀመጠ] ንጉሥ ሻንኮ...

ሰማኸኝ: ሻንቆ። አህያዬ ነበር። ቀዩ ፈረንጅ ስሙን መጥራት አልሆንልህ ብሎት ሲስቅ ይውል ነበር። እኔ ግን አልስቅበትም። የሰው ሁሉ ውኃ ተሸክሞ ነው የሞተብኝ። ጻፉለት እንዴ! ንጉሥ አደረጉት እንዴ! እኔን ተራ ሰው ማለታቸው ግድ የለም፣ እሱን አልረሱትም።

ካሤ: አሥራ አንድ ልጅ መዝግቤያለሁ። [ራሱን ይይዛል] አሥራ አንድ ልጅ! ለፍየል አገር!

ሰማኸኝ: ለፍየል አገር ቢሆንማ ምን ነበረበት። በረሃውና ባሕሩ ነው እንጂ እውነተኛው። አገሩ የለም፣ በረሃው ግን አለ። ያልተማረ አባቷ ብነግራት አታምነኝም። አንተ ነህ ያሳመንካት፣ አንተው ንገራት። ነገ አውቶብሱ ሳይነሣ፣ አሥራ አንዱንም ሰብስበህ፣ ተሳስቻለሁ ትላለህ።

ካሤ: በሰው ፊት? ተሳስቻለሁ? አያ ሰማኸኝ፣ ስሜስ? መምህር ነኝ እኮ!

ሰማኸኝ: እኔስ? አባት ነኝ እኮ።

[ካሤ አንገቱን ይደፋል። ጠጠሯን በጣቶቹ ያሽከረክራል።]

ካሤ: ...እነግራቸዋለሁ። ወረቀቱን ግን ይመልሱልኝ።

ሰማኸኝ: የትኛውን?

ካሤ: የፈረምኩትን! በጨዋታ ካርታ ላይ የተፈረመ ነው፣ አይጸናም።

ሰማኸኝ: ማኅተም ሁለት ጊዜ መትተህበታል። መምህር፣ ያ ግንብ የሰሃላ ትምህርት ቤት ነው። ፈረንጆቹ ያዩት ጊዜ ባዶ ነበር፣ አሁንም ባዶ ነው። ያኔ ደጃፉ ላይ የነበሩት አድገው ተሰደዱ፣ አሁን ታናናሾቻቸው ናቸው የተቀመጡት። ከዚያ ወዲህ አራተኛው ጠቢብ አንተ ነህ። አንገቱን ማነቁን ትቼልሃለሁ።

ካሤ: ...አቶ የሻምበል የሚጫን አለ ያሉዎት ጭነት...

ሰማኸኝ: ያንተ ፍራሽና ሣጥን ነው። እሱን ጠዋት ከቤትህ አንሥቼዋለሁ፤ ከዚህ የቀረኝ አንተ ነህ። አከራይህ ይመኙሻል እያለቀሰች መረቀችህ። ነገ ልጆቹን ካናገርክ በኋላ ከዚያው እንነሣለን።

ካሤ: ስንት ቀን ነው መንገዱ?

ሰማኸኝ: ለእኔ ሁለት ቀን። ካንተ ጋር ሦስት፣ የምታስረዳው ይበዛል።

ካሤ: [ተነሥቶ መጽሐፉን በብብቱ ይይዛል፣ ሦስቱን እስክሪብቶ አንድ በአንድ ይዳስሳል፣ ወደ ደጃፉ ይሄድና ደጅ የታሰረችውን አህያ አይቶ ድንገት ይቆማል] ይቺ ጥቁር አህያ...

ሰማኸኝ: የሻንቆ ልጅ ናት። እግሯ ላይ ወድቄ እጅ እነሣለሁ፣ ከኋላ እከተላለሁ ብለህ ነበር። እጅ መንሣቱ ይቅርብህ። ከኋላ መከተሉን ግን አደራህን ተው፣ በርግጫ አባቷን ናት።